የባክቴሪያው ስም ተቀይሯል፤ የቱን ልጻፍ?

ጥያቄ፦ ለዶሮ አርቢዎች የምትሆን አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። የዶሮ ኮራይዛን (የዶሮን ፊት የሚያሳብጥ የመተንፈሻ አካል በሽታ) የሚያመጣውን ባክቴሪያ አንዱ መጽሐፍ «ሄሞፊለስ ፓራጋሊናረም»፣ ሌላው «አቪባክቴሪየም ፓራጋሊናረም» ይለዋል። አንድ ናቸው? ወደ አማርኛስ ልመልሰው? «የወፍ ጉንፋን ባክቴሪያ» ብልስ?

መልስ፦ አንድ ናቸው። ከእንዲህ ዓይነት ስም የመጀመሪያው ቃል የወገኑ (የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ)፣ ሁለተኛው የዝርያው መጠሪያ ነው። ተመራማሪዎች የዘረመል ዝምድናውን ሲመረምሩ ባክቴሪያው ከሄሞፊለስ ወገን ጋር እንደማይሄድ አዩ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2005 አቪባክቴሪየም ወደተባለ አዲስ ወገን አዛወሩት። የዝርያ ስሙ አልተነካም። እርስዎ አዲሱን ይጻፉ፤ አሮጌውን መጀመሪያ ላይ አንዴ «ቀድሞ እንዲህ ይባል የነበረ» ብለው ያንሱት። የቆየ መጽሐፍ በእጁ ያለ አንባቢ ግራ አይጋባም።

«ፓራ»ን ግን አደራ፣ እንዳይጥሏት። በላቲን «ጋሊናረም» «የዶሮዎች» ማለት ነው። «አቪባክቴሪየም ጋሊናረም» የሚባል ሌላ ባክቴሪያም አለ፤ እሱ በፊት ፓስቴሬላ በተባለ ወገን ውስጥ ነበር። አንዲት ቅጥያ ብትቀር ያወሩት ስለ ሌላ ፍጥረት ነው።

ስሙን ባይተረጉሙት እመርጣለሁ። ሄሞፊለስ «ደም ወዳድ» ማለት ነው። ስሙ የወጣው ወገኑ ላቦራቶሪ ውስጥ ለማደግ ደም ውስጥ የሚገኙ ንጥረ ነገሮችን ስለሚፈልግ ነው። ይህን በአማርኛ ያነበበ አርቢ ዶሮው ደሙን እየተመጠጠ ይመስለዋል።

«የወፍ ጉንፋን» ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ይህ ስም በቫይረስ ለሚመጣው የአዕዋፍ ኢንፍሉዌንዛ ተይዟል። ኮራይዛ በባክቴሪያ የሚመጣ ስለሆነ አንቲባዮቲክ ይታዘዝለታል፤ ቫይረስን ግን አንቲባዮቲክ አይነካውም። ስሙ ከተምታታ አርቢው መድኃኒቱንም ያምታታል። በዚያ ላይ በአማርኛችን «ወፍ» ሲባል ዶሮ ለማን ትዝ ይለዋል? ዶሮንም ወፍንም ባንድ ላይ ለመጥራት «አዕዋፍ» ይሻላል። በየመንደሩ ዶሮ የፈጀውን በሽታ ሁሉ «ፈንግል» ማለት ስለተለመደም ይጠንቀቁ፤ የእንስሳት ሐኪሞች በዚህ ስም የሚጠሩት የኒውካስልን በሽታ ነው፣ እሱም የሚመጣው በቫይረስ ነው።

ስለ አጻጻፉ፦ በላቲን ፊደል የወገኑ ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ ሁለቱም ቃላት ዘመም ተደርገው ይጻፋሉ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ሁለቱን ቃላት ሳያጣብቁ ይጻፉና «የተባለው ባክቴሪያ» ብለው ያስከትሉ፤ ይበቃል። «ባክቴሪያዎች» ማለትም ስህተት አይደለም። ቃሉ በላቲን ብዙ ቁጥር ቢሆንም አማርኛ የተቀበለው በነጠላ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «የዶሮ ኮራይዛ አፍንጫን የሚያዝረከርክና ፊትን የሚያሳብጥ የመተንፈሻ አካል በሽታ ነው። የሚያመጣው አቪባክቴሪየም ፓራጋሊናረም (ቀድሞ ሄሞፊለስ ፓራጋሊናረም) የተባለው ባክቴሪያ ነው።»