የልጅ ጉጉትና የአዋቂ ሥራ፦ ከከተማ ዳር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

በዚህ ሳምንት የመረጥኳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከአዲስ አበባ ዳርቻ የተላኩ ናቸው፤ ከየካ አባዶ፣ ከገላን፣ ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከቡራዩና ከሰበታ። ጠያቂዎቹ በዕድሜም በሥራም አይገናኙም፤ የሚያስጨንቃቸው ነገር ግን ይቀራረባል። አንዱ ጉጉቱ እያለው መጨረስ ያቅተዋል፤ ሌላው ሥርዓት ይዞ ጉጉቱን አጥቷል፤ ሌላዋ ሁለቱም አሏት፣ ጊዜ ግን የላትም። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ከየካ አባዶ፣ የሁለት ልጆች እናት፦ «የዘጠኝ ዓመት ልጄ እርሳስ ከእጁ አይለይም። ግድግዳ ላይ ይሥላል፣ ደብተሩ ጀርባ ላይ ይሥላል። የቤት ሥራውን ግን ያለ ጭቅጭቅ አይሠራም። አባቱ ‹ሥርዓት ይልመድ፣ ሥዕሉን ከልክዪው› ይለኛል። ብከለክለው ሥርዓት ይይዛል ወይስ አጠፋበታለሁ?»

አይከልክሉት። ይህን የምለው ሥርዓትን ንቄ አይደለም፤ ልጅዎ ሥርዓት አያውቅም የሚለውን ስለማልቀበል ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ከብሎካችሁ ፊት ለፊት ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ቆም ብለው ይመልከቱ። ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ወይም በከሰል የተሰመሩ ቤቶች አሉ። ተራዋ የደረሰ ልጅ ጠጠሯን ትወረውራለች፤ ጠጠሩ መሥመር ላይ ካረፈ ተራዋ አለፈ። በአንድ እግሯ እየዘለለች ትገባለች፤ የጫማዋ ጫፍ መሥመሩን ከነካ አራት አምስት ድምፅ በአንድ ጊዜ «ነካሽ!» ይላታል። ትከራከራለች፣ ታኮርፋለች፣ ግን ትወጣለች፤ ተራዋ እስኪመለስም ቆማ ትጠብቃለች። እዚያ ወላጅ የለም፣ መምህር የለም። ሕጉን የሚያስከብሩት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ የሚያስከብሩትም ሕግ ከሌለ ጨዋታው እንደሚፈርስ ስለሚያውቁ ነው። እኛ አዋቂዎች ሥርዓትንና ጨዋታን ያጣላናቸው ይህን ማየት ስለተውን ይመስለኛል።

ስለዚህ ልጅዎ የሚጎድለው ጨዋታውን የሚያቆይለት ሕግ ነው። ትልቅ ካርቶን፣ የፍሪጅ ወይም የቴሌቪዥን ማሸጊያ ቢሆንም ይበቃል፣ አንዱ ግድግዳ ላይ ይስቀሉለት። ካርቶኑ የእሱ ነው፣ ግድግዳው የቤቱ ነው፤ ይህን በአንድ ቀን ይገባዋል። የቤት ሥራው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሁን። «የቤት ሥራህን ስላልሠራህ ዛሬ አትሥልም» ግን አይበሉት፤ ሁለቱን ካጣሏቸው የሚጠላው የቤት ሥራውን ነው። ሥዕሉን ሲያሳይዎትም «ጎበዝ» ብለው አይለፉት። «አልቋል?» ብለው ይጠይቁት። «አይ፣ ጎማው ይቀረዋል» ብሎ ተመልሶ ከተቀመጠ፣ አባቱ የሚፈልጉት ሥርዓት ጀምሯል ማለት ነው።

በአርባ ዓመታቸው «ድሮ እሥል ነበር» ብለው የሚጽፉልኝ ሰዎች አሉ። ደብዳቤያቸው ያሳዝነኛል፤ ልጅዎ ከእነሱ እንዲቆጠር አልፈልግም።

ከገላን፣ የበርና የመስኮት ብረት ሠራተኛ፦ «ሐሳብ አያልቅብኝም። የአንዱን ደንበኛ በር እየበየድኩ ሌላ ቅርጽ ይመጣልኛል፤ የያዝኩትን ትቼ እሱን እጀምራለሁ። ቀብድ የከፈሉ ሰዎች ተቆጥተዋል። ጓደኞቼ ‹ፈጠራውን ትተህ እንደ ሰው ሥራ› ይሉኛል። ልተወው?»

አትተወው። ነገር ግን ወንድሜ፣ ቀብድ ዕዳ ነው። በከተማ ዳር ቤት የሚሠራ ሰው ኑሮ ለአንተ አይነገርህም፤ ግድግዳው ቆሞ በሩ ካልደረሰለት መግቢያውን በቆርቆሮ ከልሎ፣ በየኮሽታው እየነቃ ነው የሚያድረው። አንተ አዲስ ቅርጽ ስትጀምር የሚከፍለው እሱ ነው። መጀመሪያ ይህ ይሰማህ።

አሁን ወደ ሐሳቡ እንሂድ። ከሥራ ቦታህ ግድግዳ አንዱን ክፍል ለይና አጠገቡ ጠመኔ አስቀምጥ። እየበየድክ ቅርጽ ሲመጣልህ መነጽርህን አውልቅ፣ እዚያ ሣለው፣ ወደ በሩ ተመለስ። በሩ ተሰቅሎ ቀሪው ገንዘብ እስኪከፈልህ ድረስ ለአዲሱ ሐሳብ ብረት አይቆረጥም። ሐሳቡ ይጠፋብኛል ብለህ አትስጋ፤ ግድግዳው ላይ ሳምንት ቆይቶ አሁንም የሚያጓጓህ ከሆነ ደህና ሐሳብ ነው። በማግስቱ ስታየው ደስ ካላለህ ደግሞ የአንድ ሙሉ ቱቦላሬ ዋጋ አተረፍክ።

ሁለተኛው ነገር ቁርጥራጩ ነው። ከየሥራው የሚተርፈውን አጭር ቱቦላሬና የላሜራ ቅዳጅ ለቆራሌው ከመሸጥህ በፊት አንድ በርሜል ሙላበት። ቅዳሜ ሥራ ካበቃ በኋላ ያለው ጊዜ የበርሜሉ ይሁን። ማንም አላዘዘህም፣ ማንም አይጠብቅህም፤ እጀታ፣ የአጥር ጫፍ ላይ የሚሆን አበባ፣ የመብራት ማቀፊያ፣ እጅህ የወደደውን ሥራ። ትንሽ ነገር ላይ ጨርስ፤ መጨረስን ትልቅ በር ላይ መልመድ ከባድ ነው፣ እጀታ ላይ ግን በአንድ ከሰዓት ትለምደዋለህ። ያማረውን ቀለም ቀብተህ በር ላይ ስቀለው። የሚቀጥለው ደንበኛ አይቶ «እንዲህ ያለ ሥራልኝ» ሲል ያን ጊዜ ፈጠራህ ራሱ ቀብድ ያመጣል። መብራት ጠፍቶ ብየዳው በቆመባቸው ሰዓታት ደግሞ ከመነጫነጭ ይልቅ ወለሉ ላይ በጠመኔ በሙሉ ልኩ ንደፍ።

ከለገጣፎ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ «ግጥም የምጽፈው ስሜቱ ሲመጣ ብቻ ነው። አንዳንዴ ሁለት ወር አይመጣም። ሰዓት አውጥቶ መጻፍ ግጥሙን አይገድለውም?»

በዚህ አገር ለዘመናት ሰዓት ወጥቶለት ግጥም የሚገጠምበት ቤት አለ፤ ቅኔ ቤት። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ የሚባሉት ስመ ጥር የቅኔ መንገዶች ተማሪዎቻቸውን «ስሜት ሲመጣልህ ና» ብለው አላሳደጉም። የቅኔ ተማሪ ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም እያሰላሰለ ይገጥማል፤ የቆጠረውን ይዞ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፣ ይመልሰዋል፣ አንዳንዴም ያመሰግነዋል። ነገ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል፤ የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ የለም። የሚጀምረው ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው፤ በየደረጃው እየወጣ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። የዜማው ልክ አይነካም፣ የቤቱ ቁጥር አይነካም። በዚያ ሁሉ ጠባብ ሥርዓት ውስጥ ግን ሰምና ወርቁ፣ አንዱን ቃል ለሁለት ትርጉም የሚያውለው ኅብሩ፣ ቃልን ከቃል ማላተሙ ከልጅ ጨዋታ የማይተናነስ ነጻነት ነው። የቅኔ ሰዎች አንድ የተዋጣለት ቅኔ ሲሰሙ እንደ ሕፃን ሲደሰቱ አይተህ ከሆነ የምለው ይገባሃል።

አንተም በየቀኑ ሁለት ስንኝ ጻፍ። ሁለት ብቻ። ሰዓቱን ምረጥ፣ አትለውጠው። ጠዋት ከጻፍክ ጠዋት አታርም፤ ስትጽፍ የመጣልህን ሁሉ ተቀበል፣ ዳኛው ማታ ይምጣ። ማታ ለአንድ ሰው አንብብለት፤ ጓደኛ፣ እህት፣ የዶርም ባልደረባ ይሁን። ግጥምህ የሚጠብቀው ጆሮ እንዳለ ካወቀ ስሜቱ መምጫውን ይለምዳል።

ከሱሉልታ፣ ቤቱ ሆኖ የሚሠራ የግራፊክ ዲዛይን ባለሙያ፦ «ከዓመት በፊት ለራሴ ጥብቅ ፕሮግራም አወጣሁ። አንድም ቀን አላቋረጥኩም። ሥራዬ ተሻሻለ፣ ገቢዬም ጨመረ። አሁን ግን ኮምፒውተሩን ከፍቼ ስቀመጥ ምንም አይሰማኝም። ድሮ ለመሥራት ስቸኩል እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር።»

መልሱ ከቤትህ አጠገብ ነው። ማልደህ ውጣና ሯጮቹን ተመልከት። ሱሉልታና እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያሉ ስለሆኑ አትሌቶች ለልምምድ ይመርጧቸዋል። የእነሱን ያህል ሥርዓት የሚያከብር ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ግን ሥርዓታቸው ምን እንደሚመስል ልብ በል። ከባድ ልምምድ ያደረጉበት ቀን ማግስት ቀላል ሩጫ ነው፤ እያወሩ የሚሮጡት ዓይነት። ባሕር ዛፍ መሃል ሲገቡ ደግሞ አንዱ ከፊት ይመራል፤ በዛፎቹ መካከል ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ወደ ቀኝ ይመለሳል፣ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከኋላ በሰልፍ የሚከተሉት ቀጥሎ ወዴት እንደሚዞር አያውቁም። ዓይናቸው የፊተኛው ሰው ተረከዝ ላይ ነው። ልጆች ተያይዘው በሰፈር ሲሮጡ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የሚታሰብበት ልምምድ ውስጥ እንዲህ ያለ ሩጫ ቦታ አለው፤ ከልምምዱ ፕሮግራም ውጪ የሚደረግ መዝናኛም አይደለም።

የአንተ ፕሮግራም ሁሉም ቀን ከባድ ቀን ሆኖበታል። ከሳምንቱ ሁለት ቀን ቀላል ቀን አድርግ። በእነዚያ ቀናት ኮምፒውተሩ ይዘጋ፤ በእርሳስ፣ በቀለም፣ ከጋዜጣ በተቆረጠ ወረቀት ሥራ። ወይም በእግርህ ሄደህ በየሱቁና በየጋራዡ በር ላይ በእጅ የተጻፉ ፊደላትን ተመልከት፤ «ሀ»ን ስንት ሰው በስንት ዓይነት እንደጻፋት ታያለህ። ውጤቱን ለደንበኛ አታሳይ፣ የትም አትለጥፈው። ቀኑን ግን እንደ ከባዱ ቀን አክብረው፤ ሥራ በዛ ብለህ አትሰርዘው። እንቅልፍህ ትንሽ ከሆነ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ተኛ፤ የደከመ ሰው ጉጉቱ የሞተ ይመስለዋል።

ከቱሉ ዲምቱ፣ የሂሳብ ሠራተኛ፦ «ሥራዬ ሜክሲኮ አደባባይ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እነሳለሁ፣ ቤቴ የምገባው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። የራሴን የጥልፍ ንድፍ ማውጣት እመኛለሁ። መቼ?»

እህቴ፣ በሥራ ቀን ማታ መርፌ እንድትይዢ አልመክርሽም፤ ዓይንሽም ትዕግሥትሽም ያልቃል። ሥራውን ለሁለት ክፈዪው። መንደፉ የመንገድ ሥራ ይሁን፣ መጥለፉ የእሑድ። ትንሽ ባለካሬ ደብተር በቦርሳሽ ያዢ፤ ጥልፍ የሚቆጠር ነገር ስለሆነ ካሬው ልክሽን ይጠብቅልሻል፣ አንቺ ደግሞ በቁጥር የምትኖሪ ሰው ነሽ። አውቶቡስ ውስጥ ቆመሽ ከሆነ አትጻፊ፤ ከተሳፋሪዎቹ የአንዷን ነጠላ ጥለት በዓይንሽ ያዢ፣ ቀለሙን፣ የመስቀሉን ቅርጽ፣ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም። የማታው ሰልፍ ላይ ያስታወስሽውን በካሬው አስፍሪው። የረሳሽውን ከራስሽ ሙዪው። የራስሽ ንድፍ የሚወለደው እዚያ የረሳሽው ቦታ ላይ ነው።

ከቡራዩ፣ የቀን ሠራተኛ፦ «በዚህ ኑሮ ውድነት ስለ ፈጠራና ስለ ጨዋታ ማውራት የጠገበ ሰው ነገር አይደለም?»

የቤት ኪራይ ቀን የደረሰበት ሰው ስለ ጨዋታ ባያስብ አልፈርድበትም፤ እንዲህ ያለ ጊዜ ላይ ካለህ መጀመሪያ እሱን ተወጣ። ነገር ግን ጨዋታ የጥጋብ ነው የሚለውን አልቀበልም። ከአሮጌ ካልሲና ከጨርቅ ኳስ የሠሩት፣ ከሽቦ መኪና አጥፈው ቆርኪ ጎማ የገጠሙለት ልጆች ሀብታሞች አልነበሩም። ችግርን ለማወደስ አልልህም። እጅህ ያንን ያውቅ ከነበረ ዛሬም ያውቀዋል፤ የሚመለስበት ቀን ሲመጣ እንዳታፍርበት ብዬ ነው።

ከሰበታ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፦ «ክራር መማር ጀመርኩ። ልጆቼ ይስቃሉ፤ ባለቤቴም ‹ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም› ትለኛለች። በዚህ ዕድሜ እጅ ይታዘዛል?»

ይታዘዛል፣ ዘግይቶ። እርስዎ ክራሩን ለራት አላቦኩትም፤ ስለዚህ ተረቱ አይመለከትዎትም። ስንት ተማሪ «እኔ አይገባኝም» ሲልዎት «ድገመው» ብለው እንደመለሱ ያስታውሱ፤ አሁን ተማሪው እርስዎ ነዎት። ትንሽ ልጅ አንድ ተረት ደጋግመው እንዲነግሩት የሚያስቸግረው አዲስ ስለሆነበት አይደለም፤ መድገሙ ራሱ ደስ ስለሚለው ነው። ያንን ደስታ ካገኙ ጣትዎ ይከተላል።

ከአራቱ ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ አንዱን ብቻ ይያዙ፤ በትዝታ ቢጀምሩ ጆሮዎ ስለሚያውቀው ሲሳሳቱ ወዲያው ይሰማዎታል። በየቀኑ አጠር ያለ ጊዜ ይበቃል፣ ጣትዎ እስኪቆስል አይቀመጡ። ጅማቱ ስለሚላላ ሁልጊዜ ከመቃኘት ይጀምሩ፤ መቃኘቱ ራሱ ትምህርት ነው። ከልምምዱ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ያለ ትምህርት፣ እንደፈለጉ ይምቱ። የመጀመሪያው ወር ላይ ሰሚ አይጥሩ። ከዚያ ባለቤትዎን የትኛውን ዜማ እንደሚወዱ ይጠይቋቸውና ቀጥሎ የሚያጠኑት እሱን ይሁን።