ትንሽ አውሮፕላን ማብረርን ስለመማር፦ ጥያቄና መልስ

በሜሪላንድ ግዛት የትናንሽ አውሮፕላኖች በረራ አሰልጣኝ ነኝ። ከወገኖቻችን የደረሱኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ፣ የሚመሳሰሉትንም አንድ ላይ አድርጌ ከዚህ በታች መልስ ሰጥቻለሁ። ስለ ደንብ የምናገረው ሁሉ፣ ሌላ አገር ካልጠቀስሁ በስተቀር፣ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ በአጭሩ ኤፍኤኤ፣ ያወጣውን የሚመለከት ነው።

ጥያቄ፦ የግል አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት 40 ሰዓት መብረር እንደሚበቃ ሰማሁ። 40ን በአንድ ሰዓት ዋጋ አባዝቼ ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሬያለሁ። ስሌቴ ልክ ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ልክ አይደለም። 40 ሰዓት ሕጉ ከዚህ በታች አልቀበልም ያለው ዝቅተኛ መጠን ነው እንጂ ሰው በአብዛኛው የሚጨርስበት ጊዜ አይደለም። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 20 ሰዓት ከአሰልጣኝ ጋር፣ ቢያንስ 10 ሰዓት ደግሞ ብቻዎን መብረር ይኖርብዎታል። የሌሊት በረራ 3 ሰዓት፣ በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ መብረር 3 ሰዓት፣ ብቻዎን ከከተማ ወደ ከተማ መብረር 5 ሰዓት ይጠየቃሉ። ከእነዚህም መካከል አንዱ ጉዞ በጠቅላላው ቢያንስ 150 የባሕር ማይል የሚሸፍንና በሦስት ቦታዎች የሚያሳርፍ መሆን አለበት። ሥራ እየሠራና ቤተሰብ እያስተዳደረ የሚማር ሰው ከ60 እስከ 70 ሰዓት ይፈጅበታል ብሎ ማሰብ ይሻላል፤ በእኛ አካባቢ ዋጋም ጠቅላላ ወጪው ከ15,000 ዶላር ያልፋል።

ሰዓቱን የሚያበዛው ከችሎታ ማነስ ይልቅ መቆራረጥ ነው። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ የሚመጣ ተማሪ የትምህርቱን ግማሽ የሚያጠፋው ያለፈውን በማስታወስ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በእጅዎ እስኪጠራቀም ታግሠው፣ ከጀመሩ በኋላ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ እንዲበሩ እመክራለሁ። ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ሞተሩ ሲነሣ እንጂ ጎማው መሬት ሲለቅ አለመሆኑን ነው። የመስመር አውሮፕላኖች በተሰለፉበት ትልቅ ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ የሚያልፈው ጊዜ ሁሉ ከኪስዎ ይከፈላል። የሰዓት ዋጋው ረከስ ያለ ትምህርት ቤት በመጨረሻ ውድ ሆኖ የሚገኘው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ በዲቪ መጥቼ ግሪን ካርድ ይዣለሁ። ዜግነት እስካገኝ መጠበቅ አለብኝ? (ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ መጠበቅ የለብዎትም፤ ነገር ግን የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ ሰው ሁሉ፣ ግሪን ካርድ ያለውም ጭምር፣ ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት በትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር፣ ማለትም በቲኤስኤ፣ የጀርባ ታሪኩ መጣራት ይኖርበታል። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፣ የጣት አሻራ ይሰጣል፣ ክፍያም አለው። ለሙከራ አንድ ጊዜ ከአሰልጣኝ ጋር መብረር ግን ይህን አይጠይቅም። «ዝም ብለህ ጀምር፣ ወረቀቱ ይደርሳል» የሚል ትምህርት ቤት ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ ከአውሮፕላን ሌላ ወሬ የለውም። መነጽርም ያደርጋል። ተስፋ ልስጠው ወይስ ላስተወው? (ከአትላንታ፣ እናት)

መልስ፦ እኅቴ፣ ተስፋ ይስጡት። ከአሰልጣኝ ጋር ለመብረር የዕድሜ ገደብ የለም፤ ብቻውን ለመብረር 16፣ ፈቃዱን ለመያዝ 17 ዓመት ይበቃል። መነጽርም እንቅፋት አይሆንም፤ ለግል አብራሪ የሚጠየቀው የሩቅ ዕይታ በመነጽር ታርሞ ደረጃውን ማሟላቱ ነው። ገንዘብ ከማፍሰስዎ በፊት ግን የሕክምና ምርመራውን በቅድሚያ ያስደርጉለት፤ አንዳንድ መድኃኒት የሚወስዱ ወጣቶች ብዙ ከከፈሉ በኋላ እዚያ ላይ ይቆማሉ።

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሲበር በቀጥታ ይደርሳል፤ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ግን ደብሊን ወይም ሌላ ቦታ ወርዶ ነዳጅ ሲቀዳ አይቻለሁ። መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ ለምን? ይህስ ትንሽ አውሮፕላን ለሚያበር ሰው ምን ይነግረዋል?

መልስ፦ በዚህ ጥያቄ ላይ ሰፋ አድርጌ ብናገር ደስ ይለኛል፤ ከተራራ አገር የመጣ አብራሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር በውስጡ አለና።

አንደኛው ምክንያት በላይኛው ሰማይ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ነው፤ ወደ አሜሪካ ሲመጣ ከፊት ይገፋል፣ ሲመለስ ከኋላ ያግዛል። ዋናው ምክንያት ግን ቦሌ ራሱ ነው። የቦሌ መንደርደሪያ ከባሕር ወለል በላይ 7,625 ጫማ፣ ማለትም ወደ 2,324 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ የዋሽንግተኑ ደለስ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው። ክንፍ አውሮፕላኑን የሚያነሣው ሞተርም ጉልበት የሚያገኘው ከዚሁ አየር በመሆኑ፣ አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይደክማሉ። ስለዚህ ሙሉ ተሳፋሪና ለአሥራ ምናምን ሰዓት የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ ከቦሌ መነሣት አስቸጋሪ ይሆናል፤ ከነዳጁ ይቀነስና በመንገድ ላይ ይቀዳል።

ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። በቦሌ ከፍታ መደበኛው የሙቀት መጠን ተብሎ የሚወሰደው ወደ ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዲግሪ በከፍታው ላይ ወደ 120 ጫማ ይደመራል፤ ስለዚህ በበጋ ቀትር ላይ 25 ዲግሪ ሲሆን አውሮፕላኑ 10,600 ጫማ ላይ የቆመ ያህል ይሆናል። ተርቦቻርጀር (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው፣ ባለ 180 የፈረስ ጉልበት ሴስና 172 የሚባለው ባለ አራት ወንበር ትንሽ አውሮፕላን በዚያን ጊዜ ከጉልበቱ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚሰጠው። የፍጥነት መለኪያው 60 ኖት (በሰዓት 60 የባሕር ማይል) ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት ወደ 70 ይጠጋል፤ ስለዚህ መንደርደሪያው በፍጥነት ሲያልቅ፣ መለኪያው ግን ገና እንዳልደረሰ ሲናገር፣ ልምድ የሌለው አብራሪ ደንግጦ አፍንጫውን ያለጊዜው ያነሣል። አውሮፕላኑ ከመሬት ጥቂት ከፍ ይልና መውጣት ያቅተዋል።

ሁለት ልማዶች ይረዳሉ። አንደኛው ከመነሣት በፊት የነዳጅና የአየር ቅልቅሉን፣ ሚክስቸር የሚባለውን፣ የአውሮፕላኑ መመሪያ መጽሐፍ በሚያዝዘው መሠረት ማሳሳት ነው፤ በባሕር ወለል ላይ የለመድነው ሙሉ ቅልቅል እዚያ ሞተሩን በነዳጅ ያፍነዋል። ሁለተኛው በማለዳ መብረር ነው። በዴንቨርም ሆነ በአዲስ አበባ ጠዋት ላይ የሚነሣ አብራሪ ያለ ተጨማሪ ወጪ የፈረስ ጉልበት ያገኛል።

ጥያቄ፦ ፈቃዴን በቅርቡ ይዣለሁ። ዘንድሮ በሐምሌው የእግር ኳስ ፌስቲቫል ሦስት ጓደኞቼን በኪራይ ሴስና ይዤ ለመሄድና ወጪውን ለአራት ለመካፈል አስባለሁ። ይፈቀዳል?

መልስ፦ ወጪ መካፈሉ ይፈቀዳል፤ የእርስዎ ድርሻ ግን ከእኩል ክፍያ ማነስ የለበትም። አራት ከሆናችሁ ከኪራዩ፣ ከነዳጁና ከማረፊያው ክፍያ ቢያንስ ሩቡን ራስዎ ይከፍላሉ። እርስዎም ወደ ፌስቲቫሉ የሚሄዱበት የራስዎ ጉዳይ ሊኖር ይገባል። «ሁለት ወንበር ቀርቶኛል» ብለው በቴሌግራም ቢያውጁ ግን የግል ፈቃድ ይዘው የንግድ በረራ እንደማካሄድ ይቆጠርብዎታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከሕጉ ይልቅ ሚዛኑ ነው፤ አራት ወንበር አለው ማለት አራት ሰው ይጭናል ማለት አይደለምና። ሴስና 172 ኤስ ሲነሣ ከ2,550 ፓውንድ መብለጥ የለበትም። ባዶው አውሮፕላን ከነመሣሪያው 1,680 ፓውንድ ያህል ቢመዝን ለሰው፣ ለነዳጅና ለሻንጣ የሚቀረው 870 ነው። ሙሉ ነዳጅ 53 ጋሎን ሲሆን በጋሎን 6 ፓውንድ ሒሳብ 318 ይወስዳል፤ የቀረው 552 ነው። እያንዳንዳቸው 170 ፓውንድ የሚመዝኑ አራት ሰዎች ብቻ 680 ይሆናሉ። ሻንጣና ለዘመድ የተላከ በርበሬ 40 ፓውንድ ቢጨመር 720 ደረሰ። ለነዳጅ የሚተርፈው 150 ፓውንድ፣ ማለትም 25 ጋሎን ነው፤ በቀን ሊቀመጥ የሚገባው የ30 ደቂቃ መጠባበቂያ ሲቀነስ ከሁለት ሰዓት ብዙም የማይበልጥ በረራ ይሰጣል። ከባድ ሰዎች ከኋላ ከተቀመጡም የክብደቱ ማዕከል ወደ ኋላ ይሸሻል፣ አፍንጫውም እንደ ልብ አይታዘዝም። የኪራይ አውሮፕላኑን ትክክለኛ ባዶ ክብደት በውስጡ ካለው ሰነድ ያንብቡ፤ ጓደኞችዎንም ክብደታቸውን ያለ ይሉኝታ ይጠይቁ። በእኛ ባህል ይህን መጠየቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እኔ ሁሉንም በየተራ ሚዛን ላይ አቆማለሁ። ለሩቅ ከተማ ከሆነ ሁለት ሆናችሁ ብትሄዱ፣ የቀሩት በመስመር አውሮፕላን ቢመጡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አንድ ሞተር ብቻ ያለው አውሮፕላን ሞተሩ ቢቆም ይወድቃል? (ከዱባይ)

መልስ፦ አይወድቅም፤ ይንሸራተታል። ሴስና 172 ሞተሩ ቢቆም ፍጥነቱን በ68 ኖት አካባቢ ከጠበቁለት ከእያንዳንዱ 1,000 ጫማ ከፍታ ወደ 1.5 የባሕር ማይል ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። ከመሬት 3,000 ጫማ ላይ ያለ አብራሪ ወደ 8 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ምርጫ አለው ማለት ነው። አደገኛው ጊዜ ከተነሡ በኋላ ገና ጥቂት መቶ ጫማ ላይ እያሉ ነው። ልብ ወደ መንደርደሪያው ዞሮ መመለስን ይመኛል፤ ነገር ግን በ45 ዲግሪ ያዘነበለ አውሮፕላን ክንፉ ማንሣት የሚያቅትበት ፍጥነት 19 በመቶ ከፍ ይላል፣ ተንሸራትቶ የሚዞረው ደግሞ በየሰከንዱ ከፍታ እየቀነሰ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ ፊት ለፊት ካለው ሜዳ የተሻለውን መርጦ ማረፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ተማሪዎቼ ለመነሣት ከመንደርደራቸው በፊት «ከዚህ ከፍታ በታች ቢቆም ወደ ፊት አርፋለሁ» ብለው ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሆኜ ለመማር እየተዘጋጀሁ ነው። የሬዲዮው እንግሊዝኛና የሰዓቱ አቆጣጠር ያስፈራኛል።

መልስ፦ ሰዓቱ ቀላል ነው። አቪዬሽን በመላው ዓለም የሚጠቀመው ዙሉ የሚባለውን የግሪንዊች ሰዓት ሲሆን የኢትዮጵያ ሰዓት ከዚያ በ3 ይቀድማል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት በውጭው አቆጣጠር 9፡00፣ በዙሉ ደግሞ 06፡00 ነው። ስለዚህ ቀን ላይ በእኛ አቆጣጠር ላይ 3 ብቻ ይደምሩ፤ ማታ ከሆነ ከ3ቱ ሌላ 12 ይጨምሩበት። የአየር ጠባይ ዘገባ ሲያነቡ ይህን ቀድሞ መልመድ ብዙ ያቀልልዎታል።

የአነጋገር ቅላጼዎ አያስጨንቅዎ። ተቆጣጣሪው የሚፈልገው ማን እንደሆኑ፣ የት እንዳሉና ምን እንደሚፈልጉ በዚህ ቅደም ተከተል መስማት ነው። የሚናገሩትን አስቀድመው ጭንዎ ላይ ባሰሩት ወረቀት ይጻፉ። የተሰጠዎትን መንደርደሪያ ቁጥርና «ቁም» የሚል ትእዛዝ ምንጊዜም ደግመው ይመልሱ፤ ካልሰሙ ደግሞ «ይድገሙልኝ» ይበሉ።

ጥያቄ፦ በዓቢይ ጾም እጾማለሁ። ጾሜን ሳልፈታ መብረር እችላለሁ? ስለ ጠጅና ስለ ጫትስ ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ጾምን የሚከለክል ደንብ የለም፤ አብራሪው ግን ብቁነቱን ራሱ መመዘን አለበት። በትንሽ አውሮፕላን ውስጥ በጋ ላይ ውኃ ሳይጠጡ ሁለት ሰዓት መቆየት ፍርድን ያዳክማል፤ ለዚህ ትምህርቱን ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ፣ ቀምሰው ሲጨርሱ እንዲያደርጉት እመክራለሁ። ከማንኛውም የአልኮል መጠጥ በኋላ ቢያንስ 8 ሰዓት ማለፍ አለበት፤ በደም ውስጥ ያለው መጠንም 0.04 በመቶ ከደረሰ መብረር ክልክል ነው። ሠርግ ላይ ጠጅ ሲጠጣ ላመሸ ሰው 8 ሰዓት አይበቃም፤ ማግስቱን በሙሉ ይተወው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። የት ብማር ይሻላል?

መልስ፦ በዋና ከተማዋ ዙሪያ በ30 የባሕር ማይል ክልል ውስጥ ልዩ የበረራ ደንብ አለ፤ በዚያ ውስጥ የሚበር ሁሉ አስቀድሞ የበረራ ዕቅድ ያስመዘግባል፣ አውሮፕላኑን በራዳር ላይ ለይቶ በሚያሳውቀው መሣሪያ፣ በትራንስፖንደር፣ የተሰጠውን ቁጥር ያስገባል፣ ከተቆጣጣሪው ጋርም በሬዲዮ ይገናኛል። የማናሰስ አየር ማረፊያ በዚህ ክልል ውስጥ ሲሆን የፍሬድሪክ ግን ውጭ ነው። መጀመሪያ ላይ ውስጡ ያለው ይከብዳል፤ ነገር ግን እዚያ የተማረ ሰው ሬዲዮ አይፈራም። ለእኔ ከሁለቱ የሚሻለው ለቤትዎ የሚቀርበው ነው፤ ረጅም መንገድ የሚነዳ ተማሪ ትምህርት መሰረዝ ይወዳልና።

ጥያቄ፦ አሰልጣኜ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ከክንፉ ሥር ነዳጅ በትንሽ ብርጭቆ ያስቀዳኛል። ትላንት ተቀድቶ ያየሁትን ዛሬ ለምን እደግማለሁ?

መልስ፦ ሌሊቱን ግማሽ ባዶ ያደረ ታንክ በውስጡ ያለው እርጥብ አየር ሲቀዘቅዝ ውኃ ሊቋጥር ይችላል፤ የክዳኑ ጎማ ያረጀ ከሆነም ዝናብ ይገባል። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ይዩት፦ 100 ኤልኤል የሚባለው የፒስተን አውሮፕላን ቤንዚን ፈዛዛ ሰማያዊ ነው፤ ውኃ ካለ ከሥር እንደ ጠብታ ተለይቶ ይቀመጣል። ብርጭቆው ሙሉ በሙሉ ውኃ ከሆነ ግን የሚለይ መስመር ስለማይኖር ንጹሕ ይመስላል፤ ስለዚህ መስመሩን ብቻ ሳይሆን ቀለሙንም ሽታውንም ይፈትሹ። ቀለም የሌለውና ሲነኩት ቅባት ቅባት የሚል ከሆነ የጄት ነዳጅ ተቀላቅሎበት ሊሆን ስለሚችል ሞተሩን አያስነሡ። ውኃ ካገኙ ክንፉን ቀስ ብለው ያወዛውዙና ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ ደጋግመው ይቅዱ፤ ካልጠራ የዚያን ቀን በረራ ይሰርዙና ለጥገና ሠራተኛው ይንገሩ።