ሱፐርቫይዘር ስለሆንክ ኦቨርታይም የለህም?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ «የስቶር ሱፐርቫይዘር» ነህ። መኪና እስኪጫን ማታ ማታ ሁለት ሦስት ሰዓት ትቆያለህ። ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍሉ) ደግሞ «ሱፐርቫይዘር ኦቨርታይም፣ ማለትም የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ አይከፈለውም» ብሎሃል። ይቺን ነገር እኔም ገላን አካባቢ አንድ ፕላስቲክ ፋብሪካ ስሠራ ሰምቻታለሁ። የፈረቃ ኃላፊ አደረጉኝ፣ 600 ብር ጨመሩልኝ፣ ኦቨርታይሜን ቆረጡት። ሹመት መስሎኝ ዝም አልኩ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ከማይመለከታቸው ሰዎች አንዱ «የሥራ መሪ» ነው። ኤችአርህ የተንጠለጠለው እሷ ላይ ነው። ግን የሥራ መሪነት በመጠሪያ አይመጣም፣ በሥልጣን ነው። የሥራ መሪ የሚባለው ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማሰናበት፣ የማዛወር ወይም የማገድ ሥልጣን ያለው፣ ወይም የድርጅቱን ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም ሰው ነው። አንድ የሠራተኛ ማኅበር ሰው ሻይ ቤት ቁጭ ብለን «ማንን ቀጥረህ ታውቃለህ? ማንንስ አባረህ ታውቃለህ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። እኔ እኮ ለአንድ ልጅ ለለቅሶ የግማሽ ቀን ፈቃድ ብሰጥ እንኳ ሥራ አስኪያጁ ካልፈረመ ጥበቃው ከበር አያሳልፈውም። አንተም ቁልፍ ስለያዝክና ጫኞቹን «ቶሎ በሉ» ስላልክ የሥራ መሪ አትሆንም።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው ግን እዚህ ጋ አይደለም። ትርፍ ሰዓት የሚባለው አሠሪህ ወይም ወኪሉ በግልጽ አዞህ የሠራኸው ነው። በራስህ ፈቃድ ብታመሽ አይቆጠርም። ትእዛዙንም የተሠራውንም ሰዓት መመዝገብ ያለበት አሠሪው ነው፣ በሕጉ። እኛ ጋ ግን 11 ሰዓት ሲሆን የመውጫ አሻራ ማሽኑን ነክተን ተመልሰን እንገባ ነበር። ማሽኑን ብትጠይቀው ሁላችንም ቤታችን ነን። ያዳነኝ የጥበቃው መዝገብ ነው። የመኪናው ታርጋ፣ የወጣበት ሰዓት፣ «አስረካቢ» በሚለው ቦታ የኔ ፊርማ። ከዚያ ደግሞ የአለቃዬ የቴሌግራም መልእክት፦ «ሁለተኛው አይሱዙ ሳይጫን እንዳትሄድ»። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ትእዛዝ ከየት ይምጣ?

ሒሳቡ ቀላል ነው። መደበኛው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ብዙ ፔሮል (የደሞዝ ሒሳብ) ሠሪዎች የወር ደሞዝን ለ208 ያካፍላሉ፣ በአማካይ የወሩ የሥራ ሰዓት ማለት ነው። ደሞዝህ 6,240 ቢሆን የሰዓትህ 30 ብር ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው በ1.5 ይባዛል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ደግሞ በ1.75። የሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ የሕዝብ በዓል በ2.5። ስለዚህ 11 ሰዓት መውጣት ሲኖርብህ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ብታመሽ ሦስቱ ሰዓት 135 ብር ነው።

አንድ ነገር አጣራ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የምትወጡት በሌሎቹ ቀናት ሰዓት ተጨምሮ ከሆነ፣ እሱ ጭማሪ ኦቨርታይም አይደለም። ሕጉ ይፈቅዳል፣ በቀን እስከ ሁለት ሰዓት።

የኔን ስህተት ግን አትድገም። የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ይወድቃል ማለት ነው። እኔ ሁለት ዓመት ዝም ብዬ፣ በማኅበሩ በኩል ስጠይቅ ያገኘሁት የመጨረሻዋን ስድስት ወር ብቻ ነው። ያኛው ዓመት ተኩል ቀለጠ። እስካሁን ሚስቴ ታነሳብኛለች።

ጥበቃውን ግን መዝገብ ስጠኝ ብለህ አታስጨንቀው፣ እሱም እንጀራው ነው። ማታ ስትፈርም ገጹን በስልክህ አንሳው። የሹመት ደብዳቤህ ላይ ያለውን የሥራ ዝርዝርም ስምህንና ማኅተሙን ሸፍነህ እዚህ ለጥፈው፣ «ይቀጥራል ያሰናብታል» የሚል ነገር ካለበት አብረን እናየዋለን።