የአዳማው ጉዞ፦ አያ ደብተርን ጠይቁ

አያ ደብተር ዛሬ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ጥያቄ ይመልሳል። ለአዲስ አባላት፦ የጎንደሩ ፋሲል ከነማ (አፄዎቹ) በ2009 ፕሪሚየር ሊግ ከገባ ጀምሮ የደጋፊ ጉዞ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። የገባችውንም የወጣችውንም ብር በደብተር ይጽፋል። ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። የዛሬው ጉዳይ ኳስ ማየት ለምን እንዲህ እንደተወደደ ነው። ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ ያለውን አንብቡ። (እንደማታነቡ አውቃለሁ።)

የማራኪ ልጅ፦ አያ፣ እንዴት አመሸህ? የስታዲየም ትኬት ለምን ተወደደ?

አያ ደብተር፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥያቄህ ግን ከመነሻው ስቷል። የተወደደው ትኬቱ አይደለም። ደብተሬን ከፍቼ እያየሁ ነው የምነግርህ። የመግቢያ ትኬት የመጨረሻው መስመር ላይ ነው ያለው፤ መንገድ ላይ ከምንጠጣው ሻይ በታች። የተወደደው ርቀቱ ነው።

ልቁጠርልህ። ከጎንደር አዲስ አበባ 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዳማ ከሆነ ሌላ 100 ጨምር። ሐዋሳ ከሆነ 275 ገደማ። ድሬዳዋ ከሆነ ከ500 በላይ። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተህ፣ ባሕር ዳርን አልፈህ፣ ደብረ ማርቆስ አድረህ፣ የዓባይን በረሃ ወርደህ ወጥተህ አዳማ የምትገባው በማግስቱ ነው፤ እሱም መንገዱ ከቀናህ። ስትመለስም እንደዚያው። 90 ደቂቃ ኳስ አምስት ቀን ይበላል። የአምስት ቀን ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት አለ። የአራት ሌሊት አልጋ አለ።

ሌላም አለ። ባጃጅ የሚነዳ ልጅ አምስት ቀን ቆመ ማለት አምስት ቀን ገቢ የለውም። የባጃጁ ባለቤት ደግሞ የቀን ሂሳቡን አይተውለትም። ይህን ማንም አይቆጥረውም። እኔ ደብተሬ ላይ «የቀረ ገቢ» የሚል አምድ አለኝ። ብዙ ጊዜ ትልቁ ቁጥር እዚያ ነው ያለው።

አፄ ፋሲለደስ ስታዲየም ስንጫወት ይህ አምድ አልነበረም። እስከ ቀትር ትሠራለህ፣ ምሳህን ቤትህ ትበላለህ፣ ማልያህን ለብሰህ በእግርህ ትገባለህ። ኪስህ ውስጥ የቆሎ ከኖረህ ሞልቶልሃል።

ቸቸላ 09፦ ስንት ነው?

አያ ደብተር፦ ምኑ?

ቸቸላ 09፦ ጉዞው።

አያ ደብተር፦ የኪራዩ ውል ሲፈረም ይነገራል። ከአሁኑ ዋጋ የሚነግራችሁ ሰው ካለ ሌባ ነው። ብር በግለሰብ ቴሌብር አትላኩ። በማኅበሩ ሂሳብ አስገቡና ደረሰኙን ያዙ። ደረሰኝ የሌለው ስም አይመዘገብም።

ወለቃ፦ ታዲያ ለምን እዚሁ አያጫውቱንም? ሜዳ አለን፣ ሕዝብ አለን።

አያ ደብተር፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ሊጉን አቋረጠው። በ2013 ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንደኛው በተመረጡ ከተሞች መጫወት ነው። ክለቦቹ በሙሉ አንድ ከተማ ይሰበሰቡና ሳምንታት ይጫወታሉ፤ ከዚያ ተጠቅልለው ወደ ቀጣዩ ከተማ ይሄዳሉ። ሁለተኛው ቴሌቪዥን ነው። የአምስት ዓመት ውል፣ 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ከሱፐር ስፖርት ጋር። አልቃወምም። ሊጋችን በዲኤስቲቪ ሲታይ እኔም ደረቴን ነፍቼ ነበር። ግን ካሜራውን በየሳምንቱ በየክልሉ ከማዞር ክለቦቹን አንድ ቦታ መሰብሰብ ይቀላል። ሜዳው ጥሩ ሣር ይፈልጋል። ለምሽት ጨዋታ ፓውዛ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ለስርጭቱ ይመቻል። ደጋፊውን ማን ጠየቀው?

በዚያው በ2013 ሻምፒዮን ሆንን። ልብ በሉ! በክለቡ ታሪክ የመጀመሪያው የሊግ ዋንጫ ነው። አንዱንም የሊግ ጨዋታ ጎንደር ላይ አላየንም። እኔ ባሕር ዳር የነበረው ዙር ሲደርስ ተመላልሻለሁ፤ 180 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ እንደ ጎረቤት ነው። ሌላውን እንደ እናንተው ሰው ጫንቃ ላይ ተንጠልጥዬ በስክሪን አየሁት።

አሁን ሩቅ ለሩቅ ያሉ ሁለት ክለቦች ሦስተኛ ከተማ ላይ ሲጫወቱ ቲቪውን ክፈቱት። የአሰልጣኙ ጩኸት ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ለምን? ወንበሩ ባዶ ነዋ።

ከተማውም ያጣል። አፄዎቹ እዚህ ሲጫወቱ ፒያሳ ያለው ምግብ ቤት፣ ባጃጁ፣ ቆሎና ሱፍ የምትሸጠው እናት፣ ማልያ አንጥፎ የሚሸጠው ልጅ ሁሉም ይበላ ነበር። ያ ብር ዛሬ አዳማ ነው የሚወርደው።

ወለቃ፦ እሺ ስታዲየሙ ይታደስ ብለን ብንጠይቅ?

አያ ደብተር፦ ጠይቁ። እኔ የጉዞ ሰው ነኝ።

መድፈኛው ጎንደሬ፦ እኛ ብቻ አይደለንም እኮ። እንግሊዝም ደጋፊው እያለቀሰ ነው። ማንቸስተር ዩናይትድ በፈረንጆቹ 2024 በውድድር ዓመቱ መሀል የቀሩትን ትኬቶች ለአባል 66 ፓውንድ አደረጋቸው። ለልጅና ለአዛውንት ቅናሽ የለም።

ሰይጣኑ ከአዘዞ፦ ዩናይትድን ሳትጠራ አትውልም አንተ! የአርሴናልን የዓመት ትኬት ዋጋ ለምን አትነግረንም?

መድፈኛው ጎንደሬ፦ ውድ ነው። ማን ካደ? ቢያንስ ኳስ ይታይበታል።

ሰይጣኑ ከአዘዞ፦ ዋንጫስ?

አያ ደብተር፦ ልጆች።

መድፈኛው ጎንደሬ፦ ቁም ነገር አለኝ አያ። በፈረንጆቹ 2016 ሊቨርፑል 77 ፓውንድ ትኬት ሊያወጣ ሲል ደጋፊው ከሰንደርላንድ ጋር በነበረው ጨዋታ በ77ኛው ደቂቃ ተነስቶ ወጣ። ወደ 10 ሺህ ሰው ነው። 2 ለ 0 እየመሩ ነበር፣ 2 ለ 2 አለቀ። ባለቤቶቹም ይቅርታ ጠይቀው ዋጋውን ሰረዙት። እኛስ ለምን እንደዚህ አናደርግም?

አያ ደብተር፦ አንፊልድ ጥሎ የሚወጣው ሰው ቤቱ እዚያው ነው። ሻዩን አፍልቶ ይተኛል። እኔ አዳማ ላይ በ77ኛው ደቂቃ ጥዬ ብወጣ ወዴት ነው የምሄደው? አውቶቡሱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሾፌሩን ልጠብቅ? ደግሞስ ባዶ ስታዲየም ውስጥ እኛ መውጣታችንን ማን ያያል?

ከእንግሊዝ ከቀናሁ የምቀናው በሌላ ነገር ነው። ከፈረንጆቹ 2016 ጀምሮ ከሜዳው ውጪ ለሚሄድ ደጋፊ ትኬት ከ30 ፓውንድ አይበልጥም ብለው ወስነዋል። ተጓዥ መንገዱን እንደከፈለ የገባው ሰው አለ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ፋሲል ሁልጊዜ ተጓዥ ነው። ይህን የሚያስብልን ቢገኝ።

ሰይጣኑ ከአዘዞ፦ ግን አያ አንተ ማንን ነው የምትደግፈው? ከእንግሊዝ?

አያ ደብተር፦ ቀጣይ ጥያቄ።

የፒያሳዋ፦ ጤና ይስጥልኝ አያ። እርስዎን ላስቸግር ነው። ሴቶችም እንሄዳለን፤ ባለፈው አንድ ቦታ አልጋ ጠፍቶ አውቶቡስ ውስጥ አደርን። እኛ ለየብቻ ክፍል እንከፍላለን፤ ወንዶቹ አራት ሆነው ይካፈላሉ። ለእኛ እጥፍ ነው የሚመጣው።

አያ ደብተር፦ አንቱ አትበይኝ፣ አስረጀሽኝ። ጥያቄሽ ግን የዛሬው ምርጥ ነው።

እውነትሽን ነው። ጨዋታ ባለበት ሰሞን የአልጋ ዋጋ ይዘላል። ማልያ ለብሰሽ ከገባሽ ደግሞ ይብሳል። እኔ አንድ ጊዜ ሦስት አልጋ ቤት ዞሬ ሁሉም «ሞልቷል» አሉኝ። ማልያዬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ስመለስ አንደኛው ቤት ተገኘ። ዋጋው ሌላ ነበር እንጂ። ስለዚህ የአዳማው አልጋ ከአሁኑ በስልክ ይያዛል፤ የሴቶቹ ክፍል ከወንዶቹ ጋር በአንድ ሂሳብ ተደምሮ ለሁሉም እኩል ይካፈላል። ወንዶች ታጉረመርማላችሁ፤ አጉረምርሙ። የቀረባችሁ ካለ ንገሩኝ፤ ግን ደብተሩ ተጽፏል። አንቺ ስምሽን ከደረሰኝ ጋር ላኪ።

አዲስ አባል፦ ሰላም። ትኬት ለምን ተወደደ?

አያ ደብተር፦ ከላይ።

አዲስ አባል፦ የቱ ጋ?

አያ ደብተር፦ ከላይ! የመጀመሪያው ጥያቄ!

ናፍጣ፦ ሾፌር ነኝ። ሁሉ ነገር የነዳጅ ነው፣ አያ። አትሸፋፍነው።

አያ ደብተር፦ አልሸፋፈንኩም፣ ገና አልደረስኩበትም። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ተነሳ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ ይመራ ተባለ፤ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ጎማ በዶላር ነው። መለዋወጫ በዶላር ነው። አንተም ታውቀዋለህ። የአውቶቡስ ኪራይ ከዚያ ወዲህ ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ ጽፌ አላውቅም።

ግን ናፍጣ፣ አንተም አትሸፋፍን። ከነዳጁ እኩል የሚያስወድድብን አንድ ነገር አለ፤ ደሞ የእኛው ጥፋት ነው። ተመዝግቦ መቅረት። ባለፈው ጉዞ 60 ሰው ስሙን ሰጠ። ለ60 ሰው የሚሆን አገር አቋራጭ ተከራየን። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ቆጥሬ 40 ሆነ። የ60ውን ኪራይ 40 ሰው ከፈለ። አንዱ ሰው የአንድ ሰው ተኩል ከፈለ ማለት ነው! የቀረው አልጋው ላይ ነው፤ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም። ማታ ላይ ግን ውጤት ለመጠየቅ ስልኩ ይሠራል።

ለዚህ ነው ደረሰኝ ደረሰኝ የምለው። ጨቅጫቃ ስለሆንኩ አይደለም።

የማራኪ ልጅ፦ ትንሽ ጨቅጫቃ ነህ ግን።

አያ ደብተር፦ ትንሽ።

አዲስ አበባ ያለሁ ጎንደሬ፦ እኔ ከዚህ አዳማ ጠዋት ሄጄ ማታ እመለሳለሁ። ምን ያካብዳችኋል?

ወለቃ፦ አይ አንተ! ካታንጋ ቁጭ ብለህ እያየህ ያደግክ ሰው ምን ታውቃለህ?

አዲስ አበባ ያለሁ ጎንደሬ፦ ካታንጋ ድሮ ቀረ፤ የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተብሎ ሲዘጋ የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊም ተጓዥ ሆነ።

ወለቃ፦ ደስ ይበላቸው።

አያ ደብተር፦ ወለቃ፣ ደስ አይበላቸው። የእነሱ ደጋፊ ሲቀር ሊጉ ይሞታል፤ ሊጉ ሲሞት እኛም አንተርፍም። ብሔራዊ ቡድኑንም እዩት። ሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ስንረታ «ሜዳችን» ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። በካፍ መስፈርት የሚያልፍ ሜዳ ስላልነበረን። ያን ቀን ስታዲየም መግባት ለአንድ ኢትዮጵያዊ ስንት ያስወጣው ነበር? አውሮፕላን ትኬት። የመላው አገር ደጋፊ ያን ቀን ጎንደሬ ሆኖ ዋለ።

አዲስ አበባ ያለኸው፣ አንተ ግን ጥቅም አለህ። ትኬቱን ቀድመህ ግዛልን። በር ላይ ቸርቻሪ ጋ አትሂድ፤ መስኮቱ ጋ ተሰለፍ። ደረሰኝ…

አዲስ አበባ ያለሁ ጎንደሬ፦ …ያዝ። እሺ አያ።

ቡናዬን ይዤ፦ ዲኤስቲቪ ቤት ማየት አይሻልም?

አያ ደብተር፦ ይሻላል። ደህና እደር።

ቸቸላ 09፦ ዲኤስቲቪ ቤቱም ተወዷል እኮ። መግቢያ ይከፈላል፣ ሻይ ካላዘዝክ ደግሞ ይገላምጡሃል። ለማንቼ ጨዋታ ሌላ ዋጋ ነው።

ሰይጣኑ ከአዘዞ፦ ትልቅ ክለብ ስለሆነ ነው።

መድፈኛው ጎንደሬ፦ ኮሜዲም ይከፈልበታላ።

አዘዞ ማለዳ፦ መንገዱ እንዴት ነው አያ? ቤተሰብ ፈርቷል።

አያ ደብተር፦ ስለ መንገዱ እዚህ አልጽፍም። በዋዜማው ለተመዝጋቢዎች በስልክ እነግራለሁ። አስተማማኝ ካልሆነ አንሄድም፤ ብሩ ይመለሳል። ኳስ ነገም አለ። ከመሸ በኋላ አንነዳም። «ቶሎ እንድረስ፣ ማደሪያ እናትርፍ» የሚለኝን ሰው ዳግም አልጭነውም። አልጋ ለመቆጠብ ብሎ ነፍሱን ያስያዘ ደጋፊ አልፈልግም።

አዲስ አባል፦ አነበብኩት። ርቀቱ ነው የተወደደው።

አያ ደብተር፦ እሰይ። አንድ ሰው አነበበ።

አዲስ አባል፦ ግን አያ፣ አንተ ራስህ በዚህ ሁሉ ሂሳብ ለምን ትሄዳለህ?

አያ ደብተር፦ አንድ ጊዜ ሐዋሳ ሄደን 1 ለ 0 ተሸነፍን። ዝናብ ነበር። ከጨዋታው በኋላ ከእኛ ተጫዋቾች አንዱ እስከ አጥሩ መጥቶ ቆጠረን። በጣቱ፣ እንደ ሕፃን። «32 ናችሁ» አለን። ከጎንደር ነው የመጣችሁ? አለ። አዎ አልነው። ሌላ ምንም አልተናገረም፤ ጃኬቱን አውልቆ ለአንድ ልጅ ሰጠና ሄደ። ልጁ እስከ ደብረ ማርቆስ ለማንም ሳያስነካ ለብሶት ነበር። ያን ጉዞ ደብተሬ ላይ ስጽፍ የወጪው አምድ ሞልቷል። እሱን የት እንደምጽፈው ግን ስላላወቅሁ ጠርዙ ላይ ጻፍኩት።

4 ሰዓት ሊሆን ነው። እስካሁን 38 ተመዝግቧል። 22 ወንበር ይቀራል።

አዲስ አባል፦ እኔን 39 በለኝ አያ።

አያ ደብተር፦ ደረሰኝ?

አዲስ አባል፦ ጠዋት ባንክ ሲከፈት።

አያ ደብተር፦ እንግዲያው ጠዋት ነው 39 የምልህ።