ፊልሙ ለምን ጨዋታችንን አይመስልም?

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር በየቅዳሜው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» (ምናባዊ ገጸ ባሕርያትን ሆነው የሚጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ) እንጫወታለን፤ ከጨዋታው የተሠሩትን ፊልሞች ስናይ ግን ቅር ይለናል። ምክንያቱ ምን ይሆን? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመው ይህ ጨዋታ አስቀድሞ የተጻፈ አንድ ታሪክ ስለሌለው፣ ታሪኩን ተጫዋቾቹና መሪያቸው በየጠረጴዛቸው ይፈጥሩታል፤ ባለ 20 ጎን ዳይሱም ያላሰቡትን ያመጣባቸዋል። በመሆኑም ፊልሙን የምታነጻጽሩት ዳይሬክተሩ ከማያውቀው ከራሳችሁ ዓለም ጋር ነው። ደንብ አክባሪዎችም አይጠፉም፤ በ2023ቱ ፊልም ድሩይዷ (ቅርጿን መለወጥ የምትችለው አስማተኛ) ወደ ጉጉት-ድብ፣ ማለትም ግማሽ ጉጉት ግማሽ ድብ ወደሆነ ጭራቅ፣ በመለወጧ፣ የጨዋታው ደንብ የሚፈቅደው ተራ እንስሳ መሆንን ብቻ ነው ሲሉ የተከራከሩ ነበሩ። እኔ በዚህ አልቀየምም። ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2000 ከወጣው ፊልም የተሻለ አቀባበል ያገኘው፣ በእኔ ግምት፣ ዕቅዳቸው ደጋግሞ የሚከሽፍባቸውን ሰዎች ስላሳየ ነው፤ የእናንተም ቅዳሜ (አትታዘቡኝ እንጂ) ከዚህ የራቀ አይመስለኝም።