ሥዕል እወዳለሁ፤ አካውንቲንግን ላቋርጥ?

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤሽን በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ። ሌሎች አንባቢዎችም ነገሩን እንዲረዱት በአጭሩ ልድገመው። ስድስት ኪሎ የአካውንቲንግ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ፤ ውጤትሽ ጥሩ ነው፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ትሥያለሽ፤ ሁለት የምታውቂያቸው ሰዎችም ፖርትሬታቸውን አሠርተውሽ ከፍለውሻል። አሁን ትምህርቱን አቋርጠሽ ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ልትቀመጪ አስበሻል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ሆነው አገልግለው ጡረታ የወጡት አባትሽ ደግሞ «ሥዕል እንጀራ አይሆንም» ብለው ቁርጡን ነግረውሻል። ጥያቄሽም «ልቤን ልከተል ወይስ አባቴን?» የሚል ነው።

ጥያቄው በዚህ መልክ ሲቀርብ የሚያስመርጠው በሁለት ሰዎች መካከል እንጂ በሁለት ሙያዎች መካከል አይደለም። አንቺም አባትሽም ገና ያልተመለከታችሁት ነገር አለ፤ እሱም በሥዕል የሚተዳደር ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲሠራ እንደሚውል ነው። ሙያን በውሎው መምረጥ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ፍቅር የቱንም ያህል ቢበዛ የማይስማማሽን ውሎ ለዓመታት ሊያሸክምሽ አይችልም፤ ውሎው ከተስማማሽ ግን ፍቅሩ ቀዝቀዝ ባለባቸው ወራትም ሥራው ይቀጥላል።

በደብዳቤሽ ውስጥ ክብደት የሰጠሁት የትኛውን እንደሆነ ልንገርሽ። አብዛኛው ገጽ ሰዎች ሥዕልሽን አይተው ስለሚሉሽ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለሚጎርፍልሽ አድናቆትና በአካውንቲንግ ክፍል ውስጥ ስለሚሰማሽ መሰላቸት የተጻፈ ነው። አድናቆት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ለሥራው ምን ያህል ትዕግሥት እንዳለሽ አያሳይም። መሰላቸቱም ቢሆን ከአንዱ ለመሸሽ መፈለግሽን እንጂ ለሌላው መፈጠርሽን አያስረዳም፤ አካውንቲንግ ሰልችቷቸው እርሳስ እንኳ የማያነሡ ብዙ ተማሪዎች አሉ። ይሁን እንጂ መሀል ላይ «ሌሊት እጅ እየደጋገምኩ ስሥል ሰዓቱ አይታወቀኝም፤ ጣቶቹ እስካሁን አልተሳኩልኝም» የምትል ዐረፍተ ነገር ጣል አድርገሻል። የሰው እጅ ለመሣል ከሚያስቸግሩ የአካል ክፍሎች አንዱ ነው። ማንም ሳያይሽ፣ ማንም ሳያዝሽ፣ ያልተሳካልሽን ነገር ደጋግመሽ መሥራትሽ ከሁለቱ የተሸጡ ፖርትሬቶች የበለጠ ማስረጃ ሆኖልኛል። ያቺን ዐረፍተ ነገር ባላገኝ ኖሮ መልሴ በጣም አጭር ይሆን ነበር።

በዚህ ጉዳይ ላይ የታላላቆችን ስም ማንሣት የተለመደ ስለሆነ እኔም ላንሣ፤ ታሪካቸው ግን እስከ መጨረሻው ይነገር። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። በአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘውን፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውንና እ.ኤ.አ. በ1961 የተጠናቀቀውን ባለቀለም የመስታወት ሥራ የሠሩት ምሕንድስናውን ትተው ነው። ዶክተር ሙላቱ አስታጥቄም ወደ ዌልስ የሄዱት ምሕንድስና ለመማር ነበር። ወጣቶች ከእነዚህ ታሪኮች ነጥለው የሚወስዱት ትምህርት የመተዉን ክፍል ብቻ ነው። ትተው ወዴት እንደሄዱ ግን ብዙ አይነሣም፦ አፈወርቅ በለንደን ሴንትራል የጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ቀጥሎም በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ሙላቱ በለንደኑ ትሪኒቲ ከዚያም በቦስተኑ በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች በሥርዓት ተምረዋል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ለአንቺ የሚቀርቡ ናቸው፤ አዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ሕግም አጥንተው ነው ወደ ቴአትሩ የዘለቁት፤ ኋላም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት የጥበብ ዳይሬክተር ሆነው ሠርተዋል። ገብረ ክርስቶስ ደስታም ከጀርመን ከተመለሰ በኋላ ሥዕሉንና ግጥሙን እየሠራ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። በዚያው ዘመን ሞክረው ያልሆነላቸውን ሰዎች ስም ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ በተሳካላቸው ብቻ ተለክቶ የሚሰጥ ምክር ሁልጊዜ ደፋር የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ወደ ውሎው እንመለስ። በሸራ ሥሎ በጋለሪ የሚሸጥ ሠዓሊ በአዲስ አበባ የሚያገኘው ገዢ ውስን ነው፤ ሆቴሎች፣ ባንኮች፣ ኤምባሲዎች፣ የውጭ አገር ሰዎችና ጥቂት አገር በቀል ሰብሳቢዎች ናቸው፤ እነሱም በየወሩ አይገዙም። ከመሣል ችሎታ የሚገኘው ጠንከር ያለ ገቢ በአብዛኛው የሚመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው፦ ለሕፃናት መጻሕፍት ሥዕል መሥራት፣ ለማስታወቂያ ድርጅት ስቶሪቦርድ (የፊልሙን ትዕይንቶች በቅደም ተከተል የሚያሳይ ንድፍ) መሣል፣ የማሸጊያና የሎጎ ዲዛይን፣ አኒሜሽን፣ የሞባይል መተግበሪያ ገጽታ ንድፍ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ ማስተማር። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና ዕይታ ጥበባትን ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት አድርጎ ስለያዘው ማስተማሩን እንደ ሽንፈት የሚቆጥሩ ወጣቶች ሐሳባቸውን ቢያጤኑት መልካም ነው።

ከእነዚህ አንዱን ቀረብ ብለሽ ተመልከቺ። አንድ አሳታሚ ለሁለተኛ ክፍል የንባብ መጽሐፍ ሃያ ሥዕል አዘዘሽ እንበል። ንድፉን በእርሳስ ሠርተሽ ትልኪያለሽ። አርታኢው «ልጅቷ ትልቅ መሰለች» ይላል፤ ታሳንሻታለሽ። ገምጋሚው ደግሞ የደንብ ልብሱ ቀለም የአንድን የታወቀ ትምህርት ቤት ስለሚመስል ይቀየር ይላል፤ ትቀይሪያለሽ። በመጀመሪያው ገጽ የሣልሻትና በዘጠነኛው ገጽ የሣልሻት ልጅ አንድ ሰው መምሰል አለባት፤ ሹሩባዋ በአምስት መስመር ከተጀመረ እስከ መጨረሻው አምስት ነው፤ አራት የሆነበትን ገጽ ከአንቺ ቀድመው ተማሪዎቹ ያገኙታል። ከዚያ «ሁሉም ቆንጆ ነው፣ ትንሽ ብቻ ነካ ነካ አድርጊው» የሚል መልእክት ይደርስሻል፤ ይህ «ትንሽ» ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ሥራው ማተሚያ ቤት ሲደርስ በስክሪን ላይ ያማረልሽ ደማቅ ቀለም ደብዝዞ ይወጣል፤ ምክንያቱም ስክሪን ቀለምን የሚፈጥረው በብርሃን፣ ማተሚያው ግን ወረቀት ላይ በሚያርፉ አራት ቀለሞች ስለሆነ አንዱ የሚያሳየውን ሁሉ ሌላው ሊያሳይ አይችልም። እንደገና ተቀምጠሽ ታስተካክያለሽ።

እዚህ ላይ አንዳንዱ ሰው ይበልጥ ይነቃል፤ ችግሩ ራሱ ያጓጓዋል። ሌላው ደግሞ የሚወደውን ነገር ማየት እስኪያስጠላው ድረስ ይማረራል። ሁለተኛው ሰው ተሰጥዖ የለውም ማለት አይደለም፤ ሥዕሉን ማንም ሳያዘው ለራሱ ጠብቆ በሌላ ሙያ ቢተዳደር የበለጠ ደስተኛ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። አንቺ ከሁለቱ የትኛዋ እንደሆንሽ እኔ ከደብዳቤ ላውቅ አልችልም፤ አንቺም ብትሆኚ በማሰብ ብቻ አትደርሺበትም። ለሚያውቁሽ ሰዎች የሠራሻቸው ሁለት ፖርትሬቶችም ይህን አልፈተኑልሽም፤ ወዳጅ አስተያየቱን ያለዝባል፣ ዋጋም አይከራከርም።

ስለ ክፍያ ደግሞ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ቢሆን በቂ ነገር የሚነገርሽ አይመስለኝም። የምትሠሪለት ድርጅት ከሆነ ከሥዕሉ ጥራት ቀጥሎ የሚጠይቅሽ «ደረሰኝ አለሽ?» ብሎ ነው። የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌለው ሰው ሥራውን በፈቃድ ባለው ሌላ ሰው ስም ለማስገባት ይገደድና ከድካሙ ለዚያ ሰው ያካፍላል። ቀብድ ሳይቀበል የጀመረ፣ ስንት ጊዜ ማስተካከያ እንደሚሠራ በጽሑፍ ያልተዋዋለ ሰው ለወራት ይመላለሳል። መብቱም አለ፦ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 እንደሚደነግገው፣ ሥራው በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ከሆነ ሌላ ስምምነት እስካልተደረገ ድረስ ባለመብቱ አሠሪው ወይም አዛዡ ነው። ስለዚህ የሣልሻት ልጅ በኋላ በደብተር ሽፋንና በቲሸርት ላይ ብትወጣ፣ በውሉ ላይ አስቀድመሽ ካላስጻፍሽ በቀር፣ የምትጠይቂው ተጨማሪ ክፍያ ላይኖር ይችላል። ዋጋ ማውጣትም እንዲሁ ነው። የአክሪሊክ ቀለም፣ ሸራና የዲጂታል መሣሪያ ከውጭ የሚገቡ ናቸው፤ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ዋጋ ስለወረደ ከዚያ በፊት በነበረ ዋጋ የሚሠራ ሠዓሊ ሳያውቀው ለደንበኛው ይደጉማል። የሰለቸሽ ትምህርት የሚያስተምረው ይህንኑ አይደለምን? ወጪን በየፈርጁ አለመለየት፣ የማያዋጣ ሥራን ከመጀመሩ በፊት አለማወቅ በሙያው ውስጥ ብዙ ጎበዞችን ያጣንበት ክፍተት ነው።

ሌላም ስጋት አለ። በብሩሽ ይጻፍ የነበረው የሱቅ ታፔላ ለባነር ማተሚያ ቦታ ሲለቅ አይተናል፤ አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃ ሎጎና ሥዕል እያወጣ ነው። ርካሹን ሥራ ይወስደዋል ብዬ እገምታለሁ። የደንበኛን ሐሳብ አዳምጦ፣ የአካባቢን አለባበስና አኗኗር አውቆ የሚሠራ ሰው ግን ቶሎ አይተካም፤ ጀማሪዎች እጃቸውን የሚያፍታቱበት ርካሽ ሥራ መቀነሱ ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ።

አቋሜን ልግለጽ፦ ትምህርትሽን አታቋርጪ፤ ሥዕሉንም «ትርፍ ጊዜ» ላይ አትጣዪው። ለሁሉም ተማሪ እንዲህ አልልም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ብትሆኚ ወይም ውጤትሽ እያሽቆለቆለ ቢሆን ቶሎ እንድትቀይሪ እመክርሽ ነበር። ሦስት ዓመት ለፍቻለሁና ልጨርስ ማለትም ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ ያለፈው አልፏል። እኔ የማየው የቀረውን አንድ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች የሚወስዱትን የመውጫ ፈተና አልፈሽ ዲግሪሽን ብትይዢ፣ በግማሽ ቀንም ሆነ በሙሉ ቀን ሥራ የቤት ኪራይ የምትከፍይበት ሌላ መንገድ ይኖርሻል፤ ያን መንገድ ያላት ሠዓሊ ደግሞ የማይረባ ትእዛዝ «አልሠራም» ለማለት ትችላለች።

ክረምቱን ለፈተና ተጠቀሚበት። ከማያውቁሽ ሰዎች ሦስት የሚከፈልባቸው ሥራዎች ፈልጊ፤ ቢያንስ አንዱ ከፖርትሬት ውጪ ይሁን። እያንዳንዱን በአንድ ገጽ ውል ጀምሪ፤ ቀብድ ተቀበዪ፤ የማስተካከያውን ብዛት ወስኚ፤ የሠራሽበትን ሰዓትም በየዕለቱ መዝግቢ። በጎን ስድስት ኪሎ ግቢሽ አጠገብ ያለውን የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ጎብኚ። በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተውና ዛሬ ያንቺው ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተመራቂዎቹ ሥራቸውን ሲያሳዩም ሂጂ፤ ሥዕሎቹን ካየሽ በኋላ ግን ቀደም ብለው የተመረቁትን ፈልገሽ ኪራይ በምን እንደሚከፍሉ ጠይቂያቸው። ሠዓሊዎች ለዚህ ጥያቄ ከሚጠበቀው በላይ በግልጽ ይመልሳሉ። ከሬጅስትራሩም የመግቢያ ፈተናው መቼ እንደሚሰጥ፣ በተግባር ምን እንደሚያሥል፣ ሌላ ዲግሪ ያለው ሰው በምን ሁኔታ እንደሚገባና የማታ መርሐ ግብር መኖር አለመኖሩን አጣሪ። ሦስቱን ሥራዎች ጨርሰሽ አራተኛውን ለመጀመር ከጓጓሽ ከምረቃ በኋላ ወደዚያ ትምህርት ቤት ብትገቢ አልከራከርሽም፤ እንዲያውም እደግፍሻለሁ።

አባትሽን በተመለከተ፣ «እንጀራ አይሆንም» ማለታቸው እንደ ፍርድ ሲታይ ትክክል አይደለም፤ እንደ ስጋት ሲታይ ግን መሠረት አለው፤ የደመወዝ ቀን የሌለው ኑሮ በደመወዝ ልጆች ላሳደገ ሰው ያስፈራል። ስለ ፍቅርሽ ደጋግመሽ ብትነግሪያቸው ክርክሩ አይቋጭም። ሕይወትሽን በሙሉ እንዲፈቅዱልሽም አሁን አትጠይቂያቸው። ክረምቱ ሲያልቅ የሦስቱን ሥራዎች ገቢ፣ ወጪና ሰዓት የያዘውን ደብተር ስጪያቸውና «አባዬ፣ አመዘጋገቤን ይመልከቱልኝ» በያቸው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ከእኔ የተሻሉ አማካሪ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ የሚፈልጉት የጎደለ ወጪ ይሆናልና የታክሲውንና የኢንተርኔቱን ሳትመዘግቢ እንዳትቀርቢ።