ቢጫው ይሰረዛል ወይ? መብራቱስ ቢጠፋ?

የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሲቃረብ የደብዳቤዎቻችሁ ዓይነት ይለወጣል። በሊጉ ሰሞን «ማን ይበልጣል?» ነበር፤ አሁን «እንዲህ ቢሆንስ?» ሆኗል። ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን መካከል ሰባቱን መርጠናል። ክርክሩ የሚበዛው የአንዱን ዋንጫ ደንብ ለሌላው በማዋስ ነውና በየመልሱ የትኛውን ውድድር እንደምንል ለይተን ጽፈናል።

ከሜዳችን ውጪ 2 ለ 1 ተሸንፈን በሜዳችን 1 ለ 0 ብናሸንፍ እናልፋለን እላለሁ። ጓደኛዬ «ያ ደንብ ቀርቷል» ይላል። ማን ነው ልክ? (ፒያሳ፣ ደሴ)

የአውሮፓን ጨዋታ ማለትህ ከሆነ ጓደኛህ ልክ ነው። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ከሜዳ ውጪ የተቆጠረች ግብ ብልጫ እንዳይኖራት የወሰነው ከ2021/22 የውድድር ዘመን ጀምሮ ነው። ባልከው ውጤት ድምሩ 2 ለ 2 ስለሚሆን 30 ደቂቃ ይጨመራል፣ ካልተለየ ደግሞ መለያ ምት ይመጣል።

ወደ አፍሪካ ከመጣህ ግን ደንቡ ሲሠራ አይተናል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2025 በአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ በሜዳው ከአል አህሊ 0 ለ 0 ወጥቶ፣ ካይሮ ላይ 1 ለ 1 ተለያይቶ ለፍጻሜ ያለፈው በዚያችው በአንዷ ግብ ነው። እኛም ብንሆን ባለውለታዋ ነን፤ ዋልያዎቹ ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈው ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ድምሩ 5 ለ 5 ነበር፤ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሱን ከሜዳ ውጪ የተቆጠሩት ሦስት ግቦች ናቸው። እነሱም እኩል ከሆኑ መለያ ምት ነው። በ2010 ዓ.ም. ወላይታ ድቻና የግብጹ ዛማሌክ በየሜዳቸው 2 ለ 1 አሸንፈው ድቻ ካይሮ ላይ በመለያ ምት ያለፈው እንደዚያ ነው። ከታች የመጣ ቡድን ደጋፊ የሆነ ሰው ይህቺን ጨዋታ ቢያስታውሳት አይከፋም።

በ120 ደቂቃው ውስጥ ቢጫ ያየ በረኛ በመለያ ምቱ ላይ ሌላ ቢጫ ቢያይ ይወጣል? ከመስመሩ ቀድሞ ከወጣስ ሁልጊዜ ይደገማል? (ቦርከና ዳር፣ ኮምቦልቻ)

አይወጣም። በጨዋታው የታየ ቢጫ ወደ መለያ ምት አይሻገርም። በመለያ ምቱ ውስጥ ብቻ ሁለት ቢጫ ካየ ግን ይባረራል።

በረኛው ኳሷ በምትመታበት ቅጽበት የአንድ እግሩ የተወሰነ ክፍል እንኳ መስመሩን የነካ፣ ከመስመሩ ትክክል ወይም ከኋላው የሆነ መሆን አለበት። ቀድሞ ወጥቶ ካዳነ ይደገማል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ በኋላ ቢጫ ነው። ኳሷ ወደ ውጪ ከወጣች ወይም ቋሚ መትታ ከተመለሰች ግን፣ የበረኛው እንቅስቃሴ መቺውን በግልጽ ካላወከው በቀር አይደገምም። በየቲቪው ቤት ጩኸት የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ «ወጥቷል!» ማለት ብቻውን አይበቃም።

ሌላም ብዙ የሚያከራክር አለ። መቺው ተንሸራትቶ ኳሷ የቆመበትን እግር ሳያስበው ብትነካና ብትገባ፣ ከ2025/26 ጀምሮ ምቱ ይደገማል፤ ካልገባች እንደሳተ ይቆጠራል። የአትሌቲኮ ማድሪዱ ሁልያን አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 ሪያል ማድሪድ ላይ የመታት ስትሰረዝ የተነሳው ንትርክ ነው ማብራሪያውን ያመጣው። ሆን ብሎ ሁለት ጊዜ የነካ ግን ዛሬም እንደሳተ ነው።

ማን ይመታል ለሚለውም፣ 120ው ደቂቃ ሲያልቅ ሜዳ ላይ የነበሩት ናቸው። አንዱ ቡድን በቀይ ካርድ 10 ከቀረ ሌላውም አንድ ሰው ቀንሶ ይስተካከላል፤ አሠልጣኙም ደካማ መቺውን የሚደብቀው በዚህ ነው። ቅደም ተከተሉን ለዳኛው ማስታወቅ ግዴታ አይደለም። በረኛውን ጨምሮ ሁሉም ሳይመታ ማንም ሁለተኛ አይመታም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ አይቮሪ ኮስት ጋናን 9 ለ 8 ስታሸንፍ የመጨረሻዋን ያስቆጠረው በረኛው ቡባካር ባሪ ነበር። በረኛ ተጎድቶ መቀጠል ካልቻለ፣ ቡድኑ ቅያሪ ካልጨረሰ ከተጠባባቂ፣ ካልሆነም ለማስተካከል ከተቀነሰው ሰው ይተካል። ሳንቲም የሚጣለው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ለጎሉ አቅጣጫ፣ ሌላው ማን እንደሚጀምር።

ልጄ የ17 ዓመት ተማሪ ነው። የአውሮፓ ጨዋታ ባለ ቁጥር እኩለ ሌሊት አልፎ ይገባል። ጨዋታ 90 ደቂቃ ነው ይለኛል፤ 90 ደቂቃ እንዲህ ይረዝማል? (እናት፣ ከቧንቧ ውሃ)

እናታችን፣ ልጅዎ አልዋሸዎትም፣ ሁሉንም ግን አልነገረዎትም። 90 ደቂቃው ላይ የ15 ደቂቃ ዕረፍትና በሁለቱ አጋማሽ 10 ደቂቃ ገደማ የባከነ ሰዓት ሲጨመር 1 ሰዓት ከ55 ይሆናል። እኩል ከሆኑ ተጨማሪው ሰዓት ከእረፍቱ ጋር 40 ደቂቃ፣ መለያ ምቱ 15 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ሁሉም ከመጣ 2 ሰዓት ከ50 ነው።

አሁን በኛ ሰዓት ያስሉት። አውሮፓውያን ሰዓታቸውን እስኪቀይሩ፣ ማለትም እስከ መጋቢት ወራቸው የመጨረሻ እሑድ ድረስ የምሽቱ ዋና ጨዋታ እኛ ዘንድ 5 ሰዓት ነው የሚጀምረው፤ ረዘመ ቢባል ከሌሊቱ 7 ከ50 ያልቃል። ከዚያ በኋላ፣ ሩብና ግማሽ ፍጻሜው ላይ፣ በ4 ሰዓት ይጀምርና ቢረዝም 6 ከ50 ነው። ደርሶ መልስ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያው ጨዋታ ተጨማሪ ሰዓት የሚባል ነገር የለም። የዚያን ዕለት «ወደ መለያ ምት ሄዱ» ብሎ ቢያመሽ ሌላ ምክንያት አለው ማለት ነው። የቻምፒየንስ ሊጉ ፍጻሜ ከ2026 ጀምሮ ወደ አመሻሽ ስለተሳበ በኛ 1 ሰዓት ላይ ነው፤ መለያ ምት ቢኖር እንኳ 4 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል።

ጨዋታው ማክሰኞና ረቡዕ ነው፤ በማግሥቱ ትምህርት አለ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዙር ቤት በሬዲዮ ወይም በስልክ፣ መልሱን ውጪ እንዲያይ ብትስማሙ ሁለታችሁም አትጎዱም። ከሄደም ከሰፈር ልጆች ጋር ይመለስ፤ ባጃጁን ከመግባታቸው በፊት በዋጋ ተስማምተው «በዚህ ሰዓት ና» ብለው ይያዙት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባጃጅ ፍለጋ መንገድ ላይ መቆም ነው ችግር የሚያመጣው። ከኮምቦልቻ ለማየት የሚወጡ ወጣቶች ደግሞ በዚያ ሰዓት የዶሮ መዝለያን ቁልቁለትና ጉም ከሚጋፈጡ ደሴ ዘመድ ቤት ቢያድሩ ይሻላል።

ተከላካያችን ሁለት ቢጫ አለበት። ሩብ ፍጻሜው ካለፈ ይሰረዝለታል? (መናፈሻ፣ ደሴ)

በቻምፒየንስ ሊግ ቅጣት የሚያመጣው ሦስተኛው ቢጫ ነው፤ የሩብ ፍጻሜው ሁለት ጨዋታዎች ሲያበቁ የተጠራቀመው ይሰረዛል። ወጥመዱ ግን እዚህ ነው፦ ሦስተኛውን ቢጫ በሩብ ፍጻሜው መልስ ጨዋታ ካየ ቅጣቱ ቀድሞ ስለጸና የግማሽ ፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ ያመልጠዋል። ቀይ ካርድ አይሰረዝም። በእንግሊዝ ኤፍ ኤ ካፕ ቁጥሩ ይለያል፤ እስከ ሩብ ፍጻሜ ባሉት ዙሮች ሁለት ቢጫ የአንድ ጨዋታ ቅጣት ነው። የሊግ ቢጫ ወደ ዋንጫው አይገባም፣ የሊግ ቀይ ግን ይገባል። በነገራችን ላይ የኤፍ ኤ ካፕ ድጋሚ ጨዋታ ከ2024/25 ጀምሮ ከዋናው አንደኛ ዙር አንስቶ ቀርቷል። ጥር 2025 ላይ ማንቸስተር ዩናይትድ በ10 ሰው አርሰናልን 1 ለ 1 ቆይቶ በመለያ ምት 5 ለ 3 ያሰናበተው በዚያው ምሽት ነው፤ በድሮው ደንብ ቢሆን ሌላ ጨዋታ ይጠብቃቸው ነበር። የአርሰናል ደጋፊዎች ይቅርታ፣ ምሳሌው ስለተመቸ ነው።

40 ሰው የሚይዝ የዲኤስቲቪ ቤት አለኝ። በልግ ሲዘንብ ምስሉ ይሰባበራል፣ መብራትም ይጠፋል። መለያ ምት ላይ ከጠፋ ደጋፊው «ገንዘቤን መልስ» ይላል። ምን ላድርግ? (አራዳ፣ ደሴ)

ሁለቱን ችግሮች ለያዩዋቸው።

ዝናቡ፦ ከባድ ደመና የሳተላይቱን ሞገድ ያደክማል፤ ይህን ማንም አያስቀረውም። ነገር ግን ቀላል ካፊያ ሲጥል የሚጠፋ ከሆነ ጥፋቱ የዝናቡ ሳይሆን የዲሹ ነው። ሰማይ ጥርት ባለ ቀን ከሪሲቨሩ ሜኑ የሲግናሉን ጥራት ይዩ፤ በጥርት ቀን ዝቅ ያለ ከሆነ ለዝናብ የሚተርፍ የለውም። በመጀመሪያ የዲሹን ብሎኖች ያጥብቁ፣ የደሴ ነፋስ ቀስ በቀስ ያዞረዋል። ቀጥሎ የኤልኤንቢውን (ከዲሹ ፊት ያለውን ሞገድ ተቀባይ) ክዳን ይዩ፤ ከተሰነጠቀ ውሃ ይገባዋል፣ ይቀየር። የኬብሉ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ከያዘ ተቆርጦ በአዲስ ማያያዣ ይታሰር፣ በናስትሮም ይጠቅለል። ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ቀለበት ሠርቶ ይታጠፍ፤ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ተከትሎ አይገባም። ዲሹ ትንሽ ከሆነ በ90 ሳንቲ ሜትር መቀየር ልዩነቱ ይታያል። ስክሪኑ ላይ ኢ48-32 ከመጣ ሲግናል የለም ማለት ነው፤ ኢ16 ከሆነ ግን ጣሪያ ላይ አይውጡ፣ ጉዳዩ የክፍያ ነው። ክፍያውን ከጨዋታው አንድ ቀን አስቀድመው ይጨርሱ።

መብራቱ፦ 55 ኢንች ቲቪ 120 ዋት፣ ሪሲቨር 20፣ አምፖል 10፣ የድምፅ ማጉያ 40 ቢወስድ 190 ዋት ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የመኪና ዓይነት ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ቢይዝም እንዳይበላሽ ግማሹን ብቻ መጠቀም ይመከራል፤ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለቲቪ የሚሆን አድርጎ የሚቀይረው) የሚበላውን ስንቀንስ 510 ገደማ ይቀራል። ይህ ለ2 ሰዓት ከ40 ብቻ ይበቃል፤ ልክ መለያ ምቱ ላይ ያልቃል ማለት ነው። ድምፅ ማጉያውን አጥፍተው በቲቪው ድምፅ ብቻ ካስኬዱት ከ3 ሰዓት በላይ ይሄዳል። ማጉያውን ካልተዉ ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን ያያይዙ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሪሲቨሩን ነው። ከመስመር ወደ ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ሲሻገር ለሰከንድ እንኳ ከጠፋ እንደገና ለመነሳት ደቂቃዎች ይፈጃል፤ በዚያ መካከል ሦስት ምት ይመታል። ሪሲቨሩን ብቻ በትንሽ የኮምፒዩተር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ሳያቋርጥ የሚተካ ባትሪ) ላይ ይሰኩት። ጄኔሬተር ከሆነ አንድ ኪሎ ዋት ከበቂ በላይ ነው። በምንም ምክንያት ቤት ውስጥ፣ በረንዳ ላይም ሆነ መስኮት ሥር አይነሳ፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ 40 ሰው የተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ነዳጅ የሚሞላው ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ስለዚህ ከጨዋታው በፊት ይሙሉት።

ስለ ገንዘቡ በር ላይ አስቀድመው ይለጥፉ፦ ከዕረፍት በፊት ከተቋረጠ ሙሉው፣ ከዕረፍት በኋላ ከሆነ ግማሹ ይመለሳል። መጠባበቂያ ሳይኖርዎት ሙሉ ዋጋ ከተቀበሉ ግን፣ በእኛ አስተያየት ደጋፊው እውነት አለው።

የሰፈር ጥሎ ማለፍ እያዘጋጀን ነው፤ 13 ቡድን ተመዘገበ። ዕጣውን እንዴት እናውጣ? (ኮምቦልቻ)

ጎዶሎውን በየዙሩ አትግፉት። 13ን በቀጥታ ካጣመራችሁ አንዱ ሳይጫወት ያልፋል፤ 7 ሲቀሩ እንደገና አንዱ ሳይጫወት ያልፋል፤ ዕጣው ለዚያው ቡድን ከወጣ አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ግማሽ ፍጻሜ ይገባል። ጥሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። ከ16 ላይ 13 ሲቀነስ 3 ነው፤ ሦስት ቡድኖች በዕጣ የመጀመሪያውን ዙር ይለፉ፣ የቀሩት 10ሩ አምስት ጨዋታ ያድርጉ፣ ስምንት ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ ጎዶሎ የለም። ጠቅላላው 12 ጨዋታ ነው፤ የሦስተኛ ደረጃ ከጨመራችሁ 13።

እኩል ከወጡ በቀጥታ መለያ ምት መሆኑን፣ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ፎርፌ እንደሚሰጥ፣ ተጫዋች ለሁለት ቡድን መሰለፍ እንደማይችል በጽሑፍ አስፈርሙ። የመለያ ምቷን ነጥብ በእርምጃ ሳይሆን በሜትር 11 ለኩ፤ ከጎሉ መስመር መሐል እስከ ነጥቧ መሐል ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ወጥታችሁ የምትጫወቱ ከሆነ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ትጨምራላችሁ፤ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች በሩጫ አትጨርሷቸው።

ቡድኔ በተጨማሪ ሰዓት አሸንፎ አለፈ፤ የውርርድ ወረቀቴ ግን ወደቀ ተባልኩ። ተታለልኩ? (ሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

ምናልባት አልተታለልክም። «አሸናፊ» የሚለው ውርርድ በተለምዶ የሚቆጠረው በ90 ደቂቃውና በባከነው ሰዓት ውጤት ነው፤ ያ ደግሞ እኩል ነበር። ተጨማሪ ሰዓትና መለያ ምትን የሚያካትተው «ወደ ቀጣዩ ዙር አላፊ» የሚለው የተለየ ምርጫ ሲሆን ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። ወረቀትህ ላይ የትኛው እንደተጻፈ እይ። ለቤት ኪራይ የተቀመጠ ብር ከሆነ ግን የትኛውንም አትቁረጥ።